የዮናስ ዕድሜ

በ1953 ዓ.ም. ሆሳዕና አንድ መስታወት ቆራጭና አንድ ወርቃማ ዓሣ ነበራት። ሁለተኛ መስታወት ቆራጭ የላትም፤ ሁለተኛ ወርቃማ ዓሣም የላትም። ሁለቱ እስኪገናኙ ድረስ ከተማዋ አንዳች ነገር የጎደላት አይመስላትም ነበር።

መስታወት ቆራጩ ሳህሉ ይባላል። አባቱ ከጉራጌ አገር አቡጀዲ ተሸክመው መጥተው ገበያው ዳር ሱቅ ከፈቱ፤ ሲሞቱም ለልጃቸው ተዉለት። ሳህሉ ግን ከአቡጀዲው ይልቅ መስታወት ወደደ። ከአዲስ አበባ በገለባ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ የሚመጣውን መስታወት መናኸሪያ ድረስ ሄዶ እንደ ሙሽራ ይቀበላል። የመሥሪያ ቤት መስኮት ይገጥማል፤ የጃንሆይን ፎቶግራፍ በፍሬም ያስገባል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ወሬ አያበዛም። ታናሽ እህቱ ትርፊት «ወንድሜ ከሰው ጋር የሚያወራው መሀከላቸው መስታወት ካለ ብቻ ነው» ትላለች። ይህን የምትለው እሱ በሚሰማበት ነው።

ጣቢታ በሚሲዮኑ ክሊኒክ ድሬሰር ናት፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የአቶ ጴጥሮስ ልጅ። ከተማው የሚያውቃት ውሃ በማስፈላት ነበር። ክሊኒክ የመጣው ሰው ጣቱ ተቆርጦም ይሁን ጥርሱ ታሞ፣ መድኃኒቱን ከሰጠችው በኋላ «ውሃ አፍልተህ ጠጣ» ሳትለው አታሰናብተውም።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ደምቆ ሳለ፣ ጣቢታ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ሳህሉ ሱቅ ገባች። ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ገለጠችው። ከብርሌ በጣም የሚተልቅ፣ ሆዱ የሰፋ፣ አፉ የጠበበ ጠርሙስ ነው። ከአፉ እስከ ወገቡ ተሰንጥቆ ያንጠባጥባል። ውስጡ የመዳፍ ያህል ዓሣ አለ፤ ሆዱ ብርቱካን ይመስላል፣ ጀርባው ገርጥቷል። አፉን እየከፈተ እየዘጋ ሳህሉን ያየዋል።

«ይኼ ይጠገናል?» አለች።

«ዕቃው ነው ዓሣው?»

«ዕቃው። ዓሣው ደህና ነው።»

«ዓሣው ደህና አይመስልም።»

ጣቢታ ቀና ብላ አየችው። በዚያች ከተማ ማን ታሞ ማን ደህና እንደሆነ የምትናገረው እሷ ነበረች። ሳህሉም ያለ ልማዱ ዓይኑን አላሸሸም። ከዚያ ዞር ብሎ ከመደርደሪያው ትልቁን የከረሜላ ጠርሙስ አወረደና ያለውን ከረሜላ በሙሉ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው። ውሃውንና ዓሣውን ወደዚያ ሲያዛውሩ እጃቸው ረጠበ፤ ነጠላዋም ረጠበ። ትርፊት መሬት የወደቀውን ከረሜላ እየለቀመች ወንድሟን አየችው፤ የሰመጠው እሱ ነበር የሚመስለው።

የዓሣውን ታሪክ በሆሳዕና የማያውቅ ሳህሉ ብቻ ነበር፤ በዚያው ምሽት ትርፊት ነገረችው። ዓሣውን አዲስ አበባ ከአንድ አገሩ ከሚገባ ጣሊያን ገዝታ ያመጣችው ሚስ ኢንግሪድ የምትባል የሚሲዮን ነርስ ነበረች። ስሙን ዮናስ ብላዋለች። አቶ ጴጥሮስ ይህ ስም ገና ከመጀመሪያው አልተዋጠላቸውም፤ ዮናስ የተዋጠው ነው እንጂ የዋጠው አይደለም ብለው ተከራክረዋል፤ ሚሷ ሳቀችና ስሙ ጸና። ሚሷ ሰባት ዓመት አቆይታው ካቻምና እናቷ ታመሙባትና ወደ አገሯ ሄደች። መኪና ውስጥ ገብታ በመስኮቱ ጠርሙሱን ለጣቢታ አቀበለቻት። «እስክመለስ ያዢልኝ» አለቻት። አቶ ጴጥሮስ አጠገባቸው ቆመው ይህን ሰሙ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዮናስ ዓሣ መሆኑ ቀርቶ አደራ ሆነ።

ከዚያ የሀደሮ ሰዎች መጡ። ወልደየሱስ ለሚባል አስተማሪ ልጃቸው ጣቢታን ጠየቁ። ጣቢታ አባቷን በእጄ ያለ የሰው አደራ አለኝ አለቻቸው፤ ጠርሙስ ታቅፌ በበቅሎ ሀደሮ ብወርድ ዓሣው መንገድ ላይ ይሞትብኛል። አቶ ጴጥሮስ ሦስት ቀን አሰቡበት። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ፣ ሚሷ ትመለስ ወይም ዓሣው ዕድሜውን ይጨርስ፣ እሺም እምቢም የምለው ያን ጊዜ ነው አሏቸው። የሀደሮ ሽማግሌዎች ወደ ጠርሙሱ ጠጋ ብለው ዓሣውን አዩት። አርጅቷል። እስከ ፋሲካ አይደርስም ተባብለው ደስ ብሏቸው ምሳቸውን በሉ።

ትርፊት ይህን ስትነግረው ሳህሉ መስታወት እየቆረጠ ነበር። የመቁረጫው አልማዝ ከመስመሩ ወጣ። ነገሩ ለእሱ እንደ ፀሐይ ግልጽ ነበር፤ ዮናስ እስከኖረ ድረስ ጣቢታ ሆሳዕና ትኖራለች።

በሁለተኛው ሳምንት ጣቢታ ተመልሳ መጣች። ዓሣው ከውሃው ጫፍ አይወርድም፤ አፉን ከላይ አድርጎ ያለከልካል። ሳህሉ እንዴት እንደምትይዘው ጠየቃት። በሙያዋ ኮርታ ነገረችው። በየቅዳሜው ውሃውን በሙሉ ትደፋዋለች። ጠርሙሱን በአመድና በሳሙና ታሸዋለች። አፍልታ ያቀዘቀዘችውን ውሃ ትሞላለች። በቀን ሦስት ጊዜ የቆጮ ፍርፋሪ ትሰጠዋለች፤ ሰው ሦስት ጊዜ ይበላ የለ።

ሳህሉ ስለ ዓሣ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ነገር ግን የትምህርት ቤቱን መስኮት ሲገጥም ያወቀው ህንዳዊ የሳይንስ አስተማሪ አለ። ሰኞ ጠዋት ሄደና ነገረው። ህንዳዊው ቆጮው ላይ ሲደርስ መሳቅ ጀመረ፤ የፈላው ውሃ ላይ ሲደርስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ማንቆርቆሪያ ሣለ፤ ከማንቆርቆሪያው የሚወጡ ነጠብጣቦች ሣለ። ዓሣ የሚተነፍሰው ውሃው ውስጥ ያለውን አየር ነው፤ ውሃ ሲፈላ አየሩ ይበንናል። ያረጀ ዓሣ ጥልቅ ዕቃ አይሆንለትም፤ ሰፊና ዝቅ ያለ ይፈልጋል። ሳሙና አይነካውም። ውሃው በሙሉ አይደፋም፤ ሲሶው ብቻ ይቀየራል፤ የሚጨመረውም ባልዲ ውስጥ ያደረ ይሁን።

ሳህሉ ወደ ክሊኒኩ ሲሄድ መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን ሲለማመድ ነበር። ሐኪም ቤት በር ላይ ቆሞ ውሃ ማፍላት መጥፎ ነው ማለት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆሞ ጸሎት መጥፎ ነው እንደማለት ነው።

«የሚፈላው ውሃ ነው የሚያፍነው» አላት በመጨረሻ።

ጣቢታ በእጇ የያዘችውን ፋሻ መጠቅለል አቆመች። «ያልፈላ ይሰጠው ነው የሚሉኝ?»

«አዎ።»

«ቆሻሻውን ውሃ።»

«ቆሻሻውን።»

በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቁት በሽተኞች ያይዋቸው ጀመር።

«ሳህሉ» አለች ዝቅ ብላ፣ «ይህን እዚህ ግቢ ውስጥ ለማንም እንዳትናገር።»

እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ነበር የምትለው። ሳህሉ ወደ ሱቁ ሲመለስ ስለ ውሃው ያሰበው ነገር የለም፤ «እንዳትናገር» ያለችውን ነበር ይዞ የሄደው።

ገንዳው ሦስት ጊዜ ተሠራ። ሳህሉ የሚያውቀው የፎቶግራፍ ፍሬም ስለሆነ ከጥድ እንጨት ሰፊ ፍሬም አዘጋጀ፤ ከታችም ከጎንም አምስት መስታወት አስገባ፤ በስቱኮ ደፈነው። የመጀመሪያው አቶ ጴጥሮስ ሳሎን ውስጥ አንድ ሌሊት አድሮ አፈሰሰ፤ የረቡዕ ጸሎት ሊያደርጉ የመጡት ምእመናን እግራቸውን አንሥተው ዘመሩ። ሁለተኛውን በሬንጅ ለቀለቀው፤ ውሃው ሬንጅ ሸተተና ዮናስ አንድ ጥግ ተሸሽጎ አልበላም አለ። ሦስተኛውን በሰምና በሙጫ አጣበቀው። ያ ያዘ። ስፋቱ የሕፃን አልጋ ያህላል፤ ጥልቀቱ ክንድ አይሞላም።

አቶ ጴጥሮስ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ሥራውን ሲመለከቱ ይውሉ ነበር። አንድ ባዳ ጎረምሳ ልጃቸው ካለችበት ቤት ለምን ይገባል የሚል ጎረቤት ሲመጣ «ባለሙያ ነው» ይሉታል። ባለሙያ ለተባለ ሰው በር ክፍት ነው። ሳህሉ በዚያ በር ገባ። በዚያ በር ገብቶ በሌላ መውጣት ግን እንዴት እንደሚቻል አላወቀበትም።

ማክሰኞና ዓርብ ከሥራ በኋላ ይመጣል። ሲሶውን ውሃ በጣሳ ይቀዳሉ፤ ያደረውን ውሃ አየር እንዲይዝ ከፍ አድርገው ቀስ ብለው ያንቆረቁራሉ። የዮናስ አንድ ዓይን ስለ ደፈረሰ በዚያ በኩል ብርሃን እንዳያስቸግረው መስታወቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፈኑለት። ሳህሉ ከወንዙ ዳር የውሃ ሣር ነቅሎ አምጥቶ ተከለለት። ቆጮው ቀረ። የተከተፈ የምድር ትል፣ ልጣጩ የተነሣ የተቀቀለ አተርና የትንኝ ዕጭ በቦታው ገባ። ጣቢታ ክሊኒክ ውስጥ ትንኝ እንዳይራባ የቆመ ውሃ ድፉ ብላ ታስተምራለች፤ ለዮናስ የሚሆነው ዕጭ የሚገኘው ከሳህሉ ሱቅ ጀርባ ካለ በርሜል ነው። ክሊኒኩ ስለ ትንኝ ባስተማረ ቁጥር ሳህሉ በርሜሉን በጆንያ ይሸፍናል።

ፋሲካ ደረሰ። የዮናስ ጀርባ ወደ ብርቱካን መልኩ ተመለሰ። የሀደሮ ሽማግሌዎች ለበዓሉ መጥተው አዩት፤ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እንደ ወይዘሮ እየተንጎራደደ ነበር። በዚያን ቀን ምሳ ብዙ አልበሉም።

ጣቢታ ዓሣውን የምታነጋግረው በሀዲይኛ ነበር። አባቷ አጠገባቸው ሲያንቀላፉ ወደ ውሃው ጎንበስ ብላ «ዮናስ፣ አንዳንድ ሰው ስንት ዓመት ዝም ማለት ይችላል?» ትላለች። ወይም «ዮናስ፣ ባልዲ ይዞ የሚመጣ ሰው ሌላ የሚይዘው ነገር የለውም?» ትላለች። ዓሣው ሀዲይኛ አይሰማም። ሆሳዕና ተወልዶ ያደገው ሳህሉ ይሰማል። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

ሳህሉ ግን ጣሳውን አጥቦ ሲያበቃ በአማርኛ «የዓርቡን ውሃ ዛሬ ብንቀዳ ይሻላል» ይላታል።

የሚናገረው ነገር አጥቶ አልነበረም። በሌሊት ሲተኛ ሁሉም ቃል ተሰልፎ ይመጣለታል። ነገር ግን እናቱ እህተማርያም ረቡዕና ዓርብ የማይጾም ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ ለብቻው የሚያስቀምጡ ሴት ናቸው፤ «የሚሲዮን ልጅ» ሲሉ ድምፃቸው ይቀየራል። አቶ ጴጥሮስም በበኩላቸው ታቦት ተሳልሞ ለሚያድር ሰው ልጅ ይሰጣሉ ብሎ ማን ያስባል። ስለዚህ ሳህሉ ለራሱ ቀጠሮ ይሰጣል። ገንዳው ማፍሰስ ሲያቆም ሽማግሌ እልካለሁ። ሣሩ ሥር ሲሰድ። ክረምቱ ሲወጣ። ገንዳው ማፍሰስ አቆመ፤ ሣሩ ሥር ሰደደ፤ ክረምቱም ወጣ። ዓሣው እየኖረ አይደል፤ ምን ያስቸኩላል።

በመስከረም፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ወልደየሱስ ራሱ መጣ። ከሀደሮ በበቅሎ ሲመጣ ዝናብ ደብድቦታል። ሳህሉ ውሃ ሲቀይር ነበር የደረሰው። ረጅም፣ ልዝብ፣ ጫማውን በር ላይ የሚያወልቅ ሰው ነው። ገንዳው ፊት ተንበርክኮ ለረጅም ጊዜ ዮናስን ተመለከተው።

«በጣም ደህና ነው» አለ በስተመጨረሻ፣ እንዳዘነ።

ከዚያ ወደ ሳህሉ ዞሮ ሥራው እንዴት እንደሚያምር ነገረው። መስታወቱን ምን እንደሚያጣብቀው ጠየቀው፤ ሲነግረው በጥሞና አዳመጠ። ባልዲውንም ደጅ ድረስ አገዘው። ሳህሉ በዚያ ምሽት ቤቱ ገብቶ ራት አልበላም። የሚጠላው ሰው አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ይበላ ነበር።

በኅዳር ከሚስ ኢንግሪድ ደብዳቤ መጣ። ጣቢታ ቆማ አነበበችው። አባቷ ምን አለች ሲሏት፣ ሰላም ብላለች፣ እናቷ ዐርፈዋል፣ ስለ ዮናስም ጠይቃለች አለች። ደብዳቤውን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ማክሰኞ ሳህሉ ሲመጣ ለዓሣው በሀዲይኛ ምንም አላለችውም። ይልቁንም ሳህሉን ታየው ነበር። ሣሩን እየቆረጠ ሳለ አስተያየቷ ተሰማው፤ ቀና ሲል ዓይኗን አላሸሸችም።

«ሣሩ በዝቷል» አላት።

«አዎ» አለች። «በጣም በዝቷል።»

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሄደ። ማክሰኞና ዓርብ፣ ማክሰኞና ዓርብ። ዮናስ መዋኘቱን እየቀነሰ ሄደ። ውሃውን እስከ ግማሽ አጎደሉለት፤ ወደ ላይ ለመውጣት እንዳይደክመው። አተሩን በጣታቸው ፈጭተው አፉ ድረስ ያቀርቡለታል። የሀደሮ ሰዎች ሁለት ጊዜ መልእክት ላኩ። አቶ ጴጥሮስ «አለ» ብለው መለሱ፣ ሁለት ጊዜ።

በኅዳር 1955፣ በአንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጣቢታ ወደ ሱቁ ሰው ላከች። ሳህሉ ሲደርስ አባቷ ቤት አልነበሩም። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ገንዳው ውስጥ ከታ ቆማ ነበር። ዮናስ በጎኑ ተኝቷል፤ በመዳፏ ደግፋ ቀና አድርጋዋለች። ስትለቀው ይወድቃል። ሳህሉም እጁን ከተተና ከሌላው ጎን ደገፈው።

እንዲህ ሆነው ብዙ ቆዩ። ውሃው ውስጥ ጣቶቻቸው ከዓሣው ሆድ ሥር ተነካኩ፤ ማንም እጁን አላነሣም። ከውጭ የሚያልፍ የአህያ ኮቴ ይሰማል። ዮናስ አፉን አንድ ጊዜ ከፈተ፤ ቆየት ብሎ አንድ ጊዜ ደገመ፤ ከዚያ ወዲያ አልከፈተም። ጣቶቻቸው እንደተነካኩ ቀሩ። ጣቢታ የሳህሉን ፊት ታያለች። የሚባል ነገር ካለ የሚባለው አሁን መሆኑን ሳህሉ አወቀ፤ አፉንም ከፈተ።

«ውሃው ቀዝቅዞበት ይሆን?» አለ።

ጣቢታ እጇን አወጣች፤ በቀሚሷ ጠረገችው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሱቁ መጣች። ትርፊት አይታት ወደ ጓዳ ገባችና መጋረጃውን ዘጋች።

«አባቴ ዛሬ ጠዋት ወደ ሀደሮ እሺ ብለው ላኩ» አለች። «ሦስት ቀን ጠበቅሁ። ዛሬ መልእክተኛው ከደጃችን ሲወጣ አይቼ ነው የመጣሁት።»

ሳህሉ ባንኮኒውን በሁለት እጁ ያዘ።

ከኪሷ የታጠፈ ደብዳቤ አወጣች። «ሚስ ኢንግሪድ አምና የጻፈችውን ላንብብልህ። እንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ እነግርሃለሁ። ‹ዮናስ እስካሁን መኖሩን ሰምቼ ተገረምኩ። እኔ በሄድኩ በወሩ የሞተ መስሎኝ ነበር። ከእንግዲህ አልመለስም። ዓሣው ያንቺ ነው፣ የፈለግሽውን አድርጊው።›» ደብዳቤውን መልሳ አጠፈችው። «አደራው ያን ዕለት አልቆ ነበር፣ ሳህሉ። ለአባቴ አልነገርኩም። የጌታን እራት እየወሰድኩ አንድ ዓመት ሙሉ ዋሸኋቸው።»

«ለምን?»

«ያንተን ሽማግሌዎች ስጠብቅ ነዋ።»

መንገድ ላይ ሰው ሰውን ይጠራል።

«ዓሣው ዕድሜ ገዛልህ» አለች ጣቢታ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «አንተ ዕድሜውን መልሰህ ለዓሣው ሰጠኸው።»

«ዛሬ እልካለሁ» አለ። «አሁን።»

«ላክ» አለች። «መጡ ሲባል ልስማ። ግን አባቴን ሁለተኛ አልዋሽም፤ ቃላቸውንም አላሰብርም።» በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። «ወልደየሱስ ጥሩ ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።»

ሳህሉ ሱቁን ክፍት ትቶ አጎቱ ወልደሰንበት ቤት ሮጠ። ማታ ለእናቱ ነገራቸው። እህተማርያም ብዙ ጊዜ መሬት መሬት ካዩ በኋላ ለወንድማቸው «በል እንግዲህ፣ ነጩን ጋቢ ልበስ» አሏቸው። ይኸው ነበር፤ ሁለት ዓመት የፈራው ይኸው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ወልደሰንበትና ሁለት ሽማግሌዎች አቶ ጴጥሮስ ደጅ ቆሙ። ተቀመጡ ቢባሉ፣ የመጣንበትን ሳትሰሙን አንቀመጥም አሉ። አቶ ጴጥሮስ እስከ መጨረሻው ሰሟቸው። ከዚያ የመለሱትን ወልደሰንበት ለሳህሉ ቃል በቃል ነው ያደረሱለት።

«ልጃችሁ ሁለት ዓመት ቤቴ ገባ፣ ወጣ» አሉ አቶ ጴጥሮስ። «ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል እያልኩ ስጠብቅ ነበር። ስለ እምነት ይሟገተኝ ይሆናል ብዬ ጥቅስ አዘጋጅቼ ነበር። ምናልባት ይረታኝም ነበር፤ ልጄ ከእሱ ጋር ናት፣ አይቻለሁ። አሁን ግን ቃሌ ሀደሮ ደርሷል። እግዚአብሔር የእጁን ሥራ ይባርክለት፤ እኔ ግን ቃሌን የምመልስበት መንገድ የለኝም።» ሽማግሌዎቹን ሸኝተው ሲመለሱ በረንዳው ላይ ትንሽ ቆመው ነበር አሉ፤ ወደ ቤት ለመግባት የቸኮሉ አይመስሉም ነበር።

ሠርጉ በጥር ሆነ። የሚሲዮኑ ላንድሮቨር ሙሽሮቹን ይዞ በገበያው በኩል ሲያልፍ ሳህሉ ሱቁ ደጃፍ ላይ መስታወት ይጠርግ ነበር። ጣቢታ ቬሎ ለብሳ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ አልሳቀችም። መኪናው ገበያውን እስኪያልፍ ድረስ አየችው፤ እሱም አያት። መስታወቱን በጣም ስለ ጠረገው ማታ ደንበኛው መጥቶ መስታወት የለበትም እንዴ አለ።

ሳህሉ ሚስት አያገባም ማለት አይደለም፤ ቀጠሮ ሰጥቶት ነበር፤ ቀጠሮው ገና አልደረሰም። በ1958 ሀደሮ አዲስ የተሠራ ትምህርት ቤት መስኮት እንዲገጥም ተጠርቶ ሄደ። ከክፍሎቹ የአንዱን የመጨረሻ መስኮት ስቱኮ ሲደፍን ጣቢታ ከውስጥ በኩል መጥታ ቆመች። ለባሏ ምሳ ይዛ መጥታ ነው። ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች። በአዲሱ መስታወት ትይዩ ቆሙ። ሰላምታ ለመለዋወጥ አንዳቸው በበሩ በኩል መዞር ነበረባቸው፤ ማንም አልዞረም። ሳህሉ የደፈነውን ስቱኮ በአውራ ጣቱ መልሶ አለሳለሰ፤ እንደገናም አለሳለሰ። ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ። ጣቢታ እሽሩሩ እያለች ሄደች። ከፍሬሙ ማዕዘን ላይ የአውራ ጣቱ አሻራ ደርቆ ቀረ።

በ1960 ሐምሌ፣ በፖስታ ቤት የሚሠራ ተክለ ሃይማኖት የሚባል ጎረምሳ የእናቱን ፎቶግራፍ ይዞ ሱቅ መጣ። የፍሬሙ መስታወት ተሰብሯል። ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነው። በመጀመሪያው ነፋስ ጣለው ብሎ ነበር፤ በሁለተኛው ድመት ጣለችው አለ። አሁን ምን እንደሚል ገና እያሰበ ይመስላል። ዓይኑ ግን ትርፊት ክር ወደምትደረድርበት ጥግ ይሄድ ይመለሳል። ትርፊት ያንኑ አንድ ክር ሦስት ጊዜ አነሣችው፣ ሦስት ጊዜ አስቀመጠችው።

ሳህሉ የተሰበረውን መስታወት ወደ ብርሃን አንሥቶ መረመረው። ከመሀሉ በመዶሻ የተመታ ነው። ምንም ሳይናገር አዲስ ቆረጠ፤ ገጠመ፤ ጠረገ። ፎቶግራፉን ለጎረምሳው አቀበለው፤ ሆኖም ከእጁ አልለቀቀውም።

«ይህ ፍሬም ለአራተኛ ጊዜ ቢመጣ አልቀበልም» አለው።

ጎረምሳው ደነገጠ። «ጥፋት ሠራሁ፣ ጋሼ?»

«ሽማግሌ የሚሆን ዘመድ አለህ?»

«ሁለት አጎቶች አሉኝ።» ላቡ ግንባሩ ላይ ወጣ። «ግን እኔ ገና… ደሞዜ ሲሻሻል ብዬ… ክረምቱ ሲወጣ አስቤ ነበር…»

«ቅዳሜ እዚህ ይምጡ።»

«ቅዳሜ» አለ ጎረምሳው፣ ቃሉን እንደ ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ እያገላበጠ። «እሺ ጋሼ፣ ቅዳሜ።» በደስታ ይሁን በፍርሃት ፎቶግራፉን ደረቱ ላይ ለጥፎ ወደ በሩ ሄደ። ትርፊት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

ሳህሉ ከባንኮኒው ኋላ ወጥቶ በሩ ላይ ደረሰበት። እጁን ትከሻው ላይ አደረገ።

«ዛሬ ምንድን ነው ቀኑ?»

«ሐሙስ ነው፣ ጋሼ።»

ሳህሉ ጥቂት አሰበ።

«ቅዳሜ ሩቅ ነው» አለው። «ነገ ይምጡ።»